በሦስተኛ እጅ ስለሚቀጠር ሠራተኛ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በየመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ስለሚቆመው ሰው ነው። በአርባ ምንጭ ከተማ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ብትወጡ፣ ወይም ከሴቻ ወደ ሲቀላ ብትወርዱ፣ በባንኩም በሆቴሉም በብዙው መሥሪያ ቤትም በር ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ዘበኛ ታገኛላችሁ። በደረቱ ላይ የተጻፈውን ስም ብታነቡት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ስም አይደለም፤ የሌላ ድርጅት ስም ነው። ወለሉን የምትወለውለውም ሴት እንዲሁ ናት። እኛ ጧት ስንገባ «እንደ ምን አደራችሁ» እንላቸዋለን፤ ማታ ስንወጣ የቢሮአችንን ቁልፍ እናስረክባቸዋለን፤ ይሁን እንጂ በደመወዝ መዝገባችን ላይ ስማቸው የለም። የሚቀጥራቸው፣ የሚከፍላቸውና የሚያሰናብታቸው ከእኛ ጋር ውል የተዋዋለው ድርጅት ነው።

ይህ አሠራር ከሕግ ውጭ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ለሚባለው ድርጅት ሁለት ዐይነት ሥራ ሰጥቶታል። አንደኛው ሥራ ፈላጊውንና አሠሪውን አገናኝቶ ዞር ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛውን ራሱ ቀጥሮ፣ በራሱ ሥር አድርጎ፣ አገልግሎቱን ወደሚፈልገው ድርጅት ማሰማራት ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ኤጀንሲው ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋን ቃል እንድታስታውሱልኝ እለምናችኋለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

መሥሪያ ቤቶች ወደዚህ አሠራር የሚሄዱበት በቂ ምክንያት አላቸው። ዘበኛ ሲታመም ተተኪ መፈለግ፣ የደንብ ልብስ ማሰፋት፣ የሌሊት ተረኛ መቈጣጠር፣ ዕቃ ሲጠፋ ማን ይጠየቅ እያሉ መከራከር፣ ይህ ሁሉ ለዋናው ሥራ የተመደበውን ጊዜ ይሻማል። ሆስፒታል የተቋቋመው በሽተኛ ለማከም፣ ዩኒቨርሲቲም ለማስተማር እንጂ ዘበኛ ለማሠልጠን አይደለም። ሥራውን በሚገባ የያዘ ድርጅት ተተኪውን በሰዓቱ ያቀርባል፤ ሠራተኛውን ያሠለጥናል፤ ለጠፋውም ንብረት ይጠየቃል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ኤጀንሲን ሁሉ በጅምላ ለመንቀፍ የታሰበ አይደለም። ሐሳቤ ሌላ ነው። ይኸውም በመካከል ያለው ድርጅት ለሠራተኛው የሚሰጠውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የድርጅቱ ባለቤት ደግነት ወይም ክፋት ሳይሆን፣ እኛ በጨረታ ሰነዳችን ላይ የጻፍነውና በኮሚቴ ተቀምጠን ያጸደቅነው ዋጋ ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህን የመሰለ አሠራር በሰፊው የተለመደ ሲሆን፣ በመካከል የሚቆመውን ድርጅት «የጃንጥላ ኩባንያ» ይሉታል። ሥራው የሚሠራበት ድርጅት ለኤጀንሲ ይከፍላል፤ ኤጀንሲው ለጃንጥላው ኩባንያ ይከፍላል፤ የጃንጥላው ኩባንያ ደግሞ የራሱን ድርሻና አሠሪ ሊከፍለው የሚገባውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ጭምር ከመጣው ገንዘብ ላይ ቀንሶ፣ የሠራተኛውንም ግብር ቈርጦ፣ የተረፈውን ለሠራተኛው ይሰጣል። በአገራችን ጃንጥላ የክብር ነገር ነው፤ ለታቦት ይዘረጋል፤ የሚይዘውም ሌላ ሰው ነው። እዚያ ግን ለጃንጥላው የሚከፍለው ከጥላው ሥር የቆመው ሰው ራሱ ሆነ። ከነዚሁ ኩባንያዎችም አንዳንዶቹ የቈረጡትን ግብር ለመንግሥት ሳያስገቡ ተሰወሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም ባቀረበው በጀት፣ ለግብሩ ተጠያቂነት ወደ ኤጀንሲዎቹ እንዲሻገር መወሰኑን ያስታወቀው ስለዚህ ነው። የዚያ አገር ሹማምንት ብዙ ዓመት ከታገሉ በኋላ የደረሱበት ሐሳብ፣ ገንዘቡ በስንት እጅ ቢያልፍም ተጠያቂነቱ ወደ ላይ መመለስ አለበት የሚል ነው።

ለጋሞ ሰው ነገሩ በመልኩ እንጂ በመሠረቱ አዲስ አይደለም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከዶርዜ፣ ከጨንቻና ከሌላውም የጋሞ ደጋ እየተነሡ አዲስ አበባ የገቡት ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳን የታወቀች የአገር ልብስ ገበያ አድርገዋታል። እዚያ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ነጋዴው ትእዛዙን ከደንበኛ ይቀበላል፤ ድሩንና ማጉን ለባለቤቱ፣ ማለትም በግቢው ብዙ የሽመና ዕቃ ለተከለው ሰው ይሰጣል፤ ባለቤቱም ሸማኔዎቹን በቤቱ አስቀምጦ በቍርጥ ዋጋ ያሠራቸዋል፤ የምግቡንና የመኝታውን ከሒሳባቸው ይይዛል። ሸማኔው ጥለቱን በገዛ እጁ እየጣለ ነጠላው በስንት ብር እንደ ተሸጠ አይሰማም። ነጠላውን ለብሳ በዓል የምትውለው እመቤትም የሠራውን ሰው አታውቀውም።

ከዚህ የባሰውም ነገር ተደርጓል። «አዲስ አበባ ወስጄ ትምህርት ቤት አስገባልሃለሁ» ብሎ ለወላጅ ቃል ገብቶ፣ የጋሞን ልጅ ከደጋው አውርዶ፣ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሌት ተቀን የሚያሠራ ደላላና አሠሪ መኖሩ ለብዙ ዓመት ሲነገር፣ ሲጠናም ኖሯል። ዐዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ፈጽሞ ከልክሏል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት ማሠራት አይፈቀድም። ይሁን እንጂ በዚህ ገበያ ላይ ነጋዴው «ልጁን እኔ አልቀጠርሁትም» ይላል፤ ባለ ሽመናውም «ዘመዴ ነው፤ ሙያ ላስተምረው ነው ያመጣሁት» ይላል፤ ደላላውም ከስፍራው የለም። ሁሉም የየራሱን እጅ ያሳያል፤ እጁ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ልጁ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

ሽመናውን ያነሣሁት ዘበኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ በዚህ ደረጃ ተበድለዋል ለማለት አይደለም። በሥራው ተጠቃሚና በሠሪው መካከል ሌላ እጅ ሲገባ፣ ክፍያው የት ላይ እንደሚቀንስ ለማየት መቸገራችንን ለማሳየት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግን ለማየት የሚያስችል መሣሪያ በእጃችን አለ፤ እሱም ሒሳብ ነው። ቍጥር በሬዲዮ ማዳመጥ አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ፤ እርሳስና ወረቀት በአጠገቡ ያለ አድማጭ ቢከተለኝ ደስ ይለኛል።

አንድ በር ቀንና ሌሊት ሲጠበቅ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሕጉ ለአንድ ሠራተኛ የወሰነው መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አይበልጥም። 168ን ለ48 ብታካፍሉት ሦስት ሰው ተኩል ይወጣል። ግማሽ ሰው ስለማይቀጠር ሁለት በር ያለው መሥሪያ ቤት እንውሰድ፤ እንግዲህ ሰባት ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የድርድር ጉዳይ አይደለም።

አንዳንድ ሰው «ጐደሎውን በትርፍ ሰዓት ሥራ እንሙላው» ይል ይሆናል። ዐዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራን የፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ መሠራት ላለበት ሥራ፣ ሳይቋረጥ በሚካሄድም ሥራ ላይ የቀረውን ሠራተኛ ለመተካት ነው። ይህም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ተወስኗል። ክፍያውም ይጨምራል፤ በቀኑ ክፍል የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ከሦስት አራተኛ ነው፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓት ለድንገተኛ ነገር የተሰጠ እንጂ ሰው ቀንሶ ዓመቱን ሙሉ ለመክረም የተፈቀደ አይደለም፤ ሒሳቡንም ያስወድደዋል እንጂ አያረክሰውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለምሳሌ ብቻ የአንዱን ዘበኛ የወር ደመወዝ 4,000 ብር እንበለው። ለሰባቱ 28,000 ብር ይሆናል። አሠሪው ለግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው፤ ሠራተኛው 7 በመቶ ከደመወዙ ይቈረጥበታል። የአሠሪው ድርሻ 3,080 ብር ነው። እያንዳንዱ ዘበኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለው፤ ለሰባቱ 112 ቀን ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በሩ ባዶ ስለማይተው ተተኪው ሊከፈለው ይገባል፤ ይህ ለወሩ ሲከፋፈል ወደ 1,400 ብር ይጠጋል። እስካሁን 32,480 ብር ደረስን። ልብስና ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ የተቈጣጣሪው መጓጓዣ፣ የድርጅቱም ትርፍ ከዐሥር አንድ ቢገመት 3,248 ብር ይጨመራል። ድምሩ 35,728 ብር ሆነ። በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲገባ ከ41,000 ብር ያልፋል።

እንግዲህ የጨረታው ፖስታ ሲከፈት አንዱ ተወዳዳሪ ሁለቱን በር ቀንና ሌሊት ለመጠበቅ፣ ታክሱን ጨምሮ፣ 30,000 ብር አቀረበ እንበል። ኮሚቴው ይደሰታል፤ ቃለ ጉባኤውም «ዝቅተኛ ዋጋ ስላቀረበ» ብሎ ይጻፋል። ከ30,000 ብር ውስጥ ታክሱ ሲወጣ የሚቀረው ወደ 26,087 ብር ነው። ይህ ለሰባቱ ሰዎች ደመወዝ ብቻ ከሚያስፈልገው 28,000 ብር ያንሳል፤ ጡረታ ሳይነሣ፣ ልብስ ሳይነሣ። ታዲያ ይህ ድርጅት በኪሳራ ሊሠራ የመጣ በጎ አድራጊ ነውን? አይደለም። ሰባቱን ሰው አራት ያደርጋቸዋል። አራቱም በሳምንት ሰማንያ አራት ሰማንያ አራት ሰዓት ይቆማሉ። ለአራቱ ደመወዝና የጡረታ መዋጮ 17,760 ብር ይወጣል፤ ለድርጅቱ ከ8,000 ብር በላይ ይተርፈዋል። መዋጮውን ካላስገባ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ከሠራተኛው በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም የተባለውን እዚህ ላይ አስታውሱልኝ። በዚህ ምሳሌ ኤጀንሲው ከዘበኛው ኪስ አንድ ሳንቲም አልወሰደም። የወሰደው በሳምንት 36 ሰዓት ነው። ቃለ ጉባኤውን የፈረምነው ደግሞ እኛ ነን።

ሰው የሚቈጥር ድርጅትም አለ፤ ይህን መርሳት አይገባም። ሰባት ሰው አስልቶ፣ ጡረታውን አስቦ 41,000 ብር ያቀረበው ተወዳዳሪ በዚያው ቀን ተሸንፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት እሱም እንደ ሌላው ማስላት ይማራል፤ አለዚያ ሥራውን ይተዋል። ስለ ኤጀንሲ ክፋት ብዙ ሲወራ እሰማለሁ፤ ደኅናው ኤጀንሲ ለምን እንደማይበረክት ግን የሚጠይቅ ብዙ አላጋጠመኝም።

ዐዋጁ ለግል ሠራተኛ ዝቅተኛውን ደመወዝ በቍጥር አልወሰነም፤ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ሥልጣኑም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ነው የተናገረው። ይህ ማለት ግን የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው እጁ ታስሯል ማለት አይደለም። በዝርዝር መግለጫው ውስጥ የዘበኛውን ቍጥር፣ የፈረቃውን ሰዓት፣ ለዘበኛው እጅ የሚደርሰውን የደመወዝ ወለል ጽፎ፣ ተወዳዳሪዎቹ በቀረው፣ ማለትም በአስተዳደሩና በትርፉ እንዲወዳደሩ ማድረግ ይችላል። «ሁለት በር ለማስጠበቅ» ተብሎ በአንድ መሥመር የተጻፈ ጨረታና «ለሁለት በር ሰባት ሰው፣ እያንዳንዱ በሳምንት 48 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ጨረታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የጥበቃው ውል ጊዜው ሲያልቅ ጨረታ እንደ ገና ይወጣል፤ ሌላ ድርጅት ያሸንፋል። አዲሱ ድርጅት ሰው ከየት ያመጣል? ያው በሩን የሚያውቁትን ሰዎች ይቀጥራል። ጃኬቱ ይለወጣል፤ ሰውየው እዚያው በር ላይ ነው። በአዲሱ ድርጅት መዝገብ ላይ ግን እንደ አዲስ ሰው ተጽፏል፤ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ እንደ ገና ሊጀመርበት ይችላል፤ የዓመት ዕረፍቱም በየሁለት ዓመቱ አንድ አንድ ቀን ሊጨምር ይገባው የነበረው ወደ 16 ይመለሳል። ስድስት ዓመት አንድ በር ላይ ቆሞ የአንድ ዓመት ሰው የሆነ ዘበኛ እንዲህ ነው የሚገኘው። በመሥሪያ ቤታችን ያለ ጸሐፊ ስድስት ዓመት አገልግሎ «አገልግሎትህ ዛሬ ይጀምራል» ቢባል ምን ያህል አቤቱታ ይጽፍ እንደ ነበር መገመት ቀላል ነው።

ስለ ሐምሌ ወርም ልናገር። የበጀት ዘመን ሲዘጋና ሲከፈት የክፍያ ሰነድ በየጠረጴዛው እንደሚከማች የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ፊርማ ይጐድላል፤ አንዱ የበጀት ኮድ ይለወጣል፤ ኀላፊው ስብሰባ ይሄዳል። የኛ ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይገባል። የኤጀንሲው ክፍያ ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ይዘገያል፤ ትንሽ ካፒታል ያለው ድርጅትም «መሥሪያ ቤቱ አልከፈለኝም» ብሎ የዘበኛውን ደመወዝ ይይዛል። በሕግ ፊት ይህ ምክንያት አይሆንም፤ ደመወዝ ከደንበኛ ገንዘብ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ያስገባው የሒሳብ ሹም፣ ያንን ሰነድ በመሳቢያው ውስጥ ይዞት ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ለሦስት ወር ምን እየበላ በር እንደሚጠብቅ ማሰብ ከባድ አይደለም፤ የሌሊት ዘበኛ ሲተኛ የተገኘ እንደ ሆነም ከመቅጣት በፊት መጀመሪያ የክፍያውን ሰነድ መመልከት ይገባል።

በግንባታው ሥራ ላይ የእጁ ቍጥር ከዚህም ይበዛል። ባለቤቱ ለዋናው ተቋራጭ፣ ዋናው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ፣ ንዑስ ተቋራጩ ልስኑን ወይም ብረቱን በቍርጥ ለካቦ፣ ካቦውም ከዲታ ወይም ከቦንኬ ወርዶ አርባ ምንጭ ለገባ የቀን ሠራተኛ ይሰጣል። ወጣቱ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል። ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል? ዐዋጁ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው ይላል። ይህ መልካም ሕግ ነው። አሠሪው ማን ነው ሲባል ግን ከካቦው ጀምሮ እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ወደ ታች ይቀስራል። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል፤ ካቦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲሰጥ ያየ አድማጭ ካለ በጣም ዕድለኛ ነው። ስለዚህ በመንግሥት ሕንፃ ሥራ ላይ ውል የሚፈርም መሥሪያ ቤት፣ ዋናው ተቋራጭ በግቢው ውስጥ ለሚሠራው ለማንኛውም ሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን በውሉ ላይ በግልጽ ቢያጽፍ፣ የሠራተኞቹም ስም ዝርዝር በየሳምንቱ እንዲቀርብለት ቢያደርግ፣ የጣቱ ጨዋታ ያጥራል።

አገራችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ግል የሥራና ሠራተኛ ኤጀንሲዎች ስምምነት ቍጥር 181 በ1991 ዓ.ም ተቀብላለች። ስምምነቱ አባል አገሮች በኤጀንሲውና በተጠቃሚው ድርጅት መካከል ኀላፊነትን እንዲያካፍሉ ያዝዛል፤ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ጉዳት ካሣ ማን ምን እንደሚሸከም እንዲታወቅ ነው። የሕንድ መንግሥት ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ባወጣው የኮንትራት ሠራተኞች ሕግ አንድ ቀላልና ብልህ ነገር አስገብቶ ነበር። ይኸውም ተቋራጩ ደመወዝ የሚከፍለው የዋናው አሠሪ ወኪል በተገኘበት ነው፤ ወኪሉም መከፈሉን በፊርማው ያረጋግጣል፤ ተቋራጩ ሳይከፍል ቢቀር ወይም ቢያጐድል ዋናው አሠሪ ከፍሎ ከተቋራጩ ሒሳብ ይቀንሳል።

ይህ ለጋሞ ሰው እንግዳ ሐሳብ አይመስለኝም። በጋሞ ደጋ ነገር የሚታየው በዱቡሻ፣ በአደባባይ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ባለጉዳዮቹ ፊት ለፊት ሆነው ነው። ባለጉዳዩ ሳይመጣ «ወኪሉ ነግሮኛል» ተብሎ ነገር አያልቅም። ዛሬ ደመወዝ በባንክ ስለሚገባ መሥሪያ ቤቱ ሰው ልኮ ብር ማስቈጠር አያስፈልገው ይሆናል። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ብቻ ቢጨመር ይበቃል፤ ኤጀንሲው የወሩን ክፍያ ሲጠይቅ፣ ካለፈው ወር የሠራተኞቹ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ማስረጃና የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ደረሰኝ አያይዞ ያቅርብ፤ ያላቀረበ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ ከያዘው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ላይ ለሠራተኞቹ በቀጥታ ይክፈል የሚል። ይህ ሲደረግ የኛም ክፍያ በሰዓቱ መውጣት አለበት፤ ዘግይቶ ከፍሎ በሰዓቱ ማስረጃ አምጣ ማለት አይቻልም።

ይህን ማስረጃ የሚመለከተው ማን ይሁን ቢባል፣ የግዥ ክፍሉ ውል ፈርሞ ፋይሉን ከዘጋ ብዙ ወር ሆኖታል፤ የሒሳብ ክፍሉም የሚያየው ድምሩን ነው። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሌሊቱን ፈረቃ የሚያውቅ፣ ስንቱ ዘበኛ ትናንት ማታ በር ላይ እንደ ነበረ ሊቈጥር የሚችል፣ ሰባቱንም በስማቸው የሚጠራቸው እሱ ነው።